በሽምግልና ተራራ ቢወጡ ምን አለበት?



ባለፉት ጥቂት ዓመታት ከቀድሞ የሥራ ባልደረቦቼ፣ ከጎረቤቶቼና ከመስጊድ ጀመዓዬ ዘንድ ደጋግሞ የሚቀርብልኝ አንድ ጥያቄ አለ። ይኸውም «በዚህ ዕድሜህ ተራራ ላይ ምን ትፈልጋለህ?» የሚል ነው። ጠያቂዎቹ ክፉ አስበው አይደለም። ገሚሶቹ ይስቃሉ፤ ገሚሶቹ ያዝኑልኛል፤ ጥቂቶቹ ደግሞ ነገሩን ከዲን አንጻር አይተው ይገስጹኛል። እኔም ለረጅም ጊዜ «ቢወጡ ምን አለበት?» በሚል አጭር መልስ ሳልፋቸው ቆይቻለሁ። ይሁንና ጥያቄው የእኔ ብቻ አይደለም። ጡረታ የወጣ፣ ልጆቹን ለወግ ለማዕረግ ያበቃ፣ ጉልበቱ ግን ገና ያልከዳው ብዙ ሰው በየሰፈራችን አለ። ይህ ሰው የቀረውን ዕድሜ በምን ሊያሳልፈው ይገባል? አዲስና አደጋ ያለበት ነገር መጀመርስ መብቱ ነው ወይስ በቤተሰቡ ላይ የሚፈጽመው በደል?

«ምን አለበት» የምንለው አነጋገር ሁለት ፍች አለው። በአንድ በኩል «ምን ክፋት አለው» ማለት ነው። በሌላ በኩል ግን «በሰውየው ላይ ያለበት ዕዳ ምንድን ነው» ማለትም ይሆናል። በእኔ አስተያየት በዚህ ጉዳይ የሚነሳው ክርክር ሁሉ የሚጠራው ከመጀመሪያው ፍች ወደ ሁለተኛው ስንሻገር ነው። የዛሬው ጽሑፌም ይህንኑ ለማሳየት የሚሞክር ነው።

አስቀድሜ ስለ ራሴ ጥቂት ልበል። ሠላሳ ዓመት ያህል በሒሳብ ሠራተኝነት ወንበር ላይ ተቀምጬ ኖሬያለሁ። ሃምሳ ስድስት ዓመት ሲሞላኝ ሐኪም «ስኳርህ ከድንበሩ ደርሷል፤ ተንቀሳቀስ» አለኝ። ከሱብሒ ሶላት በኋላ ወደ እንጦጦ መራመድ ጀመርኩ። በመጀመሪያው ወር ከግማሽ መንገድ ላይ ቆሜ ትንፋሼን ስሰበስብ በዕድሜ የሚበልጡኝ ማገዶ ለቃሚ እናቶች ሰላም እያሉኝ አልፈውኝ ይወጡ ነበር። በስድስተኛው ወር ከላይ ደረስኩ። ከዚያ የረር መጣ፤ ከዚያ ዝቋላ፤ ከዚያም 3,385 ሜትር ከፍታ ያለው ወጨጫ። ዛሬ ዕድሜዬ ስድሳ አምስት ነው፤ አልሐምዱሊላህ፣ አሁንም እወጣለሁ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ሊሰመርበት ይገባል። «ተራራ መውጣት» የምንለው ነገር የከተማ ሰው ጨዋታ ነው። ለገጠሩ ወገናችን ተራራ መንገዱ ነው። በሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ 3,600 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ግጭ የሚባል የሙስሊም ገበሬዎች መንደር ነበር። ነዋሪዎቹ ፓርኩን ለመጠበቅ በሚል እ.ኤ.አ. በ2016 ወደ ደባርቅ አካባቢ እስኪዛወሩ ድረስ በዚያ ብርድ ገብስ እያረሱ፣ ከብት እያረቡ፣ ገደሉን እየወጡና እየወረዱ ኖረዋል። ከመካከላቸው የሰባ ዓመቱን አዛውንት «በዚህ ዕድሜህ ተራራ ላይ ምን ትፈልጋለህ?» ብሎ የጠየቀው የለም። ቤቱ ነበርና! እንግዲህ ሽማግሌን ከተራራ የሚከለክል የተፈጥሮ ሕግ ያለ መስሎ የሚታየን እኛ ዘንድ ሽምግልና ከመቀመጥ ጋር ስለተጣበቀ ነው።

ይህን ስል ግን ዕድሜ ከሰውነት የሚወስደው ነገር የለም ማለቴ አይደለም። ልብ በከባድ ሥራ ጊዜ በደቂቃ ልትመታ የምትችለው ከፍተኛ መጠን በየዓመቱ እየቀነሰ ይሄዳል። ሐኪሞች ለግምት ያህል «ከ220 ላይ ዕድሜን ቀንሱ» ይላሉ፤ በዚህ ስሌት ለሃያ ዓመቱ ወጣት 200፣ ለስድሳ ዓመቱ ሰው ደግሞ 160 ገደማ ይሆናል። ጡንቻ ይሟሽሻል፤ አጥንት ይሳሳል፤ ሚዛን መጠበቅም ያስቸግራል። ነገር ግን እርጅና ወሰደብን ከምንለው ውስጥ ብዙውን የወሰደው ወንበር ነው። እ.ኤ.አ. በ1990 አሜሪካ ውስጥ በቦስተን ከተማ የታተመ ውጤት ያስገኘ አንድ ሙከራ ተደርጎ ነበር። ተመራማሪዎች በመጦሪያ ቤት የሚኖሩ፣ ዕድሜያቸው ከ86 እስከ 96 የሆነ አሥር አረጋውያንን በእግራቸው ክብደት እንዲያነሱ ለስምንት ሳምንት አሠለጠኗቸው። ሥልጠናውን የጨረሱት ሰዎች የእግር ጉልበት በአማካይ ከእጥፍ በላይ ጨመረ። በዘጠና ዓመት ይህን ያህል ከተገኘ በሃምሳና በስድሳ ዓመት ምን ያህል ሊገኝ እንደሚችል እናንተው ገምቱ።

በዓለም ዘንድ ለዚህ ነገር ምሳሌ ተደርገው የሚጠቀሱት ጃፓናዊው ዩኢቺሮ ሚዩራ ናቸው። ሰውየው በወጣትነታቸው ዝነኛ የበረዶ ተንሸራታች የነበሩ ቢሆንም ስድሳን ካለፉ በኋላ ወፍረውና ታመው፣ በመኖሪያቸው አካባቢ ያለችውን 500 ሜትር ገደማ የምትሆን ተራራ እንኳ መውጣት ተስኗቸው ነበር። ከዚያ ጀርባቸው ላይ ሸክም፣ ቁርጭምጭሚታቸው ላይ ክብደት አስረው መራመድ ያዙ። እ.ኤ.አ. በ2003 በሰባ ዓመታቸው፣ በ2008 በሰባ አምስት ዓመታቸው፣ በ2013 ደግሞ በሰማንያ ዓመታቸው ኤቨረስት ጫፍ ላይ ቆሙ። እንግዲህ «ይቻላል ወይ?» የሚለው ጥያቄ እዚህ ላይ ያበቃል። የሚቀረው «ይገባል ወይ?» የሚለው ነው፤ ከባዱም እርሱ ነው።

በተቃውሞ ከሚሰነዘሩት ሐሳቦች የመጀመሪያው የሚከተለው ነው። በሰፈራችን የሚከበሩ አንድ አባት ወደ እንጦጦ ስሄድ ባገኙኝ ቁጥር «ልጄ፣ ከሃምሳ ወዲያ የሚጠበቀው መንገድ ወደ ታች እንጂ ወደ ላይ አይደለም፤ ለአኺራህ ተዘጋጅ» ይሉኝ ነበር። ይህ ቃል ቀላል አይደለም። ዕድሜ አላቂ ነው፤ የቀረችውን ጥቂት ቀን በመጫወቻ የሚያጠፋ ሰው ከሳሪ ነው። ነገር ግን ለአኺራ መዘጋጀት ማለት ከቤት ደጃፍ ተቀምጦ ሞትን መጠበቅ ማለት ነውን? በሲራ ትረካዎች እንደሚነገረን እመት ኸዲጃ (ረ.ዐ) ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) በሒራ ዋሻ ለብቻቸው በሚቆዩበት ጊዜ ስንቅ ያደርሱላቸው ነበር። ብዙ ተራኪዎች እንደሚሉት ወሕይ በወረደበት ጊዜ ዕድሜያቸው ሃምሳ አምስት ገደማ ነበር። መካን ያየ ሰው ያን ዓለታማ ዳገትና ያን ሙቀት ያውቀዋል።

ከራሴ ያየሁትንም ልጨምር። በጥር ወር 2011 ዓ.ም. ወደ ሰሜን ተራሮች ለመሄድ ባሰብኩ ጊዜ ባለቤቴ አንድ ሸርጥ አስቀመጠች። «ለሐጅ እንደሚሄድ ሰው ተዘጋጅተህ ሂድ» አለችኝ። በመሆኑም ወሲያዬን ጻፍኩ። ያበደርኩትንም የተበደርኩትንም በዝርዝር አስፍሬ ለልጄ ሰጠሁ። በአባታችን ቤት ጉዳይ ተኮራርፈን ለሁለት ዓመት ያልተነጋገርነውን ወንድሜን ቤቱ ድረስ ሄጄ «አፉ በለኝ» አልኩት፤ እርሱም «አንተም አፉ በለኝ» አለኝ። ይህን ሁሉ ወንበር ላይ ተቀምጬ ሳለሁ አንድም ቀን «ዛሬ ላድርገው» ብዬ አላውቅም። ሰው በየቀኑ ሊሞት እንደሚችል በአፉ ይናገራል እንጂ ልቡ አይቀበለውም። ተራራው ግን ቀን ቆርጦ አስቀበለኝ። ስለሆነም ለእኚያ አባት የምሰጠው መልስ «ተራራ ከአኺራ ዝግጅት አያዘናጋም፤ እንዲያውም ቀጠሮ ያስይዛል» የሚል ነው። የሚያዘናጋው በዕድሜያችን ሁልጊዜ ነገ ያለ የሚያስመስለው የሞቀ መቀመጫ ነው።

ሁለተኛው ተቃውሞ አደጋን የሚመለከት ነው። «ሰውነት ከአላህ የተሰጠ አማና ነው፤ አማናን ገደል አፋፍ ይዞ መሄድ ምን ይሉታል?» ይባላል። በዚህ በኩል ተቃዋሚዎቹ እውነት አላቸው፤ ግማሽ እውነት ግን ነው። አማና በሁለት መንገድ ይባክናል። አንዱ ያለ ጥንቃቄ በማንከራተት ነው። ሁለተኛው ደግሞ ቆልፎበት እንዲዝግ በመተው ነው። በደም ግፊትና በስኳር ሕመም በየሰፈራችን የሚያልፉትን ሰዎች ስናስተዛዝን «ቀኑ ደርሶ ነው» እንላለን፤ ቀኑስ አዎን በአላህ እጅ ነው። ሃያ ዓመት ሙሉ ከመኪና ወንበር ወደ ቢሮ ወንበር የተመላለሰ ሰው ግን አማናውን ጠብቋል ብለን አፋችንን ሞልተን መናገር እንችላለን?

አደጋውንም ቢሆን በስሙ ጠርቶ ማወቅ ይበጃል። ከፍታ ሲጨምር የአየር ግፊት ይቀንሳል። አዲስ አበባ ላይ ያለው ግፊት በባሕር ወለል ካለው ከመቶ 75 ገደማ ነው፤ ራስ ዳሽን ጫፍ ላይ ከመቶ 60 እንኳ አይሞላም። ሰውነት ይህን እንዲለምድ ጊዜ ይሻል። ስለዚህ የዘርፉ ሐኪሞች ከ3,000 ሜትር በላይ የመኝታ ቦታ በአንድ ሌሊት ከ500 ሜትር የበለጠ ከፍ እንዳይል፣ በየሦስትና አራት ቀኑም አንድ የዕረፍት ቀን እንዲኖር ይመክራሉ። ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽና ድካም ሲመጣ ባሉበት መቆም ግድ ነው። ሰውየው እንደ ሰካራም ከተንገዳገደ ወይም ተቀምጦ እያለ ትንፋሽ ካጠረው ግን ሰዓቱ ምንም ይሁን ምን ወደ ታች መውረድ ነው። የከፍታ ሕመም ሽማግሌን ለይቶ አይመርጥም፤ በጉልበቱ ተማምኖ የሚሮጠውን ወጣት ቀድሞ የሚይዝበት ጊዜ ብዙ ነው። ለሽማግሌ የሚከፋው ሌላ ነገር ነው። በአውሮፓ የአልፕስ ተራሮች የተደረጉ ጥናቶች እንዳሳዩት ድንገተኛ የልብ ሞት በብዛት የሚደርሰው ዕድሜያቸው በገፋ ወንዶች ላይ፣ ያውም ልምድ በሌላቸውና በጉዞው መጀመሪያ ቀን ነው። ስለዚህ ልቡን ሳያስመረምር፣ ለወራት ሳይለማመድ፣ አንድ ጠዋት ተነስቶ ተራራ የሚገጥም ሽማግሌ ጀግና ሊባል አይገባውም፤ አማናውን እየበተነ ነው።

በዚህ ላይ ዲናችን ያስቀመጠልን ሚዛን አለ። ሐጅ ግዴታ የሚሆነው ለቻለ ሰው ነው። አቅም የሌለውን አላህ (ሱ.ወ) በፈርዱ እንኳ አላስገደደውም። ከፈርዱ ላይ የማይችል ሰው ከተማረ፣ ማንም ባላዘዘው ተራራ ላይ «ካልደረስኩ ሞቼ እገኛለሁ» ማለት ምን ዓይነት ድፍረት ነው? በአንጻሩ ደግሞ የቻለ ሰው «አልችልም» ብሎ ማመካኘት አይፈቀድለትም። ችሎታችንን መዝነን ማወቅ ራሱን የቻለ ኃላፊነት መሆኑን ከዚህ እንማራለን።

ሦስተኛው ተቃውሞ ይዩልኝና ገንዘብ ነው። ለእኔ ከሁሉ የከበደኝ ይህ ነው። ሰው በሽምግልናው ተራራ የሚወጣው «ገና ወጣት ነው» ለመባል ከሆነ ነገሩ ከጅምሩ ተበላሽቷል። ወደ ሚዩራ ታሪክ እንመለስ። እ.ኤ.አ. በግንቦት 2008 ሰባ አምስት ዓመት የሞላቸው ሚዩራ ኤቨረስት ጫፍ ከመድረሳቸው አንድ ቀን አስቀድሞ፣ የቀድሞ ወታደር የነበሩት የሰባ ስድስት ዓመቱ የኔፓል ሰው ሚን ባሃዱር ሼርቻን እዚያው ወጥተው ነበር። የዓለም ሽማግሌ ወጪ የሚለው ስም ለሼርቻን ሆነ። በ2013 ሚዩራ በሰማንያ ዓመታቸው ወጥተው ስሙን ወሰዱት። ሼርቻን ስሙን ለማስመለስ በ2017 በሰማንያ አምስት ዓመታቸው እንደገና መጡ፤ ከተራራው ግርጌ ካለው ሰፈር ሳይነሱ በዚያው በግንቦት ወር ሕይወታቸው አለፈ። በሞቱ ሰው ላይ መፍረድ የእኔ ድርሻ አይደለም፤ በልባቸው የነበረውንም የሚያውቀው ፈጣሪያቸው ነው። ነገር ግን በዓለም ፊት የታየው ውድድር የሚያሳስብ ነው። ከሌላ ሽማግሌ ጋር የሚደረግ እሽቅድምድም ለአንደኛው እንኳ ዕረፍት አያመጣም፤ ሁልጊዜ አንድ ዓመት የሚበልጥ ሰው ይመጣልና።

እኚሁ ሚዩራ ግን በጥር 2019፣ በሰማንያ ስድስት ዓመታቸው፣ በደቡብ አሜሪካ ከፍተኛ የሆነውን የአኮንካጓ ተራራ ሊወጡ ሄደው 6,000 ሜትር ገደማ ላይ ሳሉ አብሯቸው የነበረው ሐኪም «ልብዎ አይችልም፤ ይውረዱ» አላቸው። እርሳቸውም እሺ ብለው ወረዱ፤ ልጃቸው ወደ ጫፉ ቀጠለ። ለእኔ ይህ መውረድ ከሦስቱ የኤቨረስት መውጣቶች ይበልጥብኛል። መውጣቱን ጉልበት ያለው ሁሉ ያደርገዋል። ዓለም እያየ መውረድ ግን ነፍሱን የገዛ ሰው ሥራ ነው።

ገንዘቡንም በተመለከተ ሚዛኑ ግልጽ ነው። የኔፓል መንግሥት ኤቨረስትን ለመውጣት ለፈቃድ ብቻ ከአንድ የውጭ ሰው የሚያስከፍለው ከመስከረም 2025 ጀምሮ 15,000 የአሜሪካ ዶላር ሆኗል። ዘካው ያልወጣ፣ የዘመዱ ልጅ የትምህርት ቤት ክፍያ ያጣ ሰው ይህን ሊያስበው አይገባም። እንጦጦ፣ የረርና ወጨጫ ግን ከአንድ ጥንድ ጫማና ከአንድ ከዘራ የበለጠ አይጠይቁም። ዋጋው ሲበዛ ተራራው ለባለሀብት ዕቃ ይሆናል፤ የሽማግሌውም ጤና ሰበብ ብቻ ሆኖ ይቀራል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር፣ ማለትም «ምን ዕዳ አለበት» ወደሚለው እንምጣ። በተራራ ላይ ሽማግሌው ብቻውን አይወጣም። በሂማላያ ዕቃውን የሚሸከሙለት፣ ገመዱን የሚዘረጉለት፣ መሰላሉን የሚተክሉለት ሼርፓዎችና ሌሎች የአገሩ ሰዎች ናቸው። እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 18 ቀን 2014 ኤቨረስት ላይ በተናደ በረዶ የሞቱት 16 ሰዎች በሙሉ ለሌሎች መውጫ መንገድ ሲያዘጋጁና ዕቃ ሲያመላልሱ የነበሩ የኔፓል ሠራተኞች ነበሩ። በእኛም አገር በሰሜን ተራሮች መንገድ መሪው፣ ጠመንጃ የያዘው ስካውት፣ በቅሎ ነጂውና ምግብ አብሳዩ አብረው ይሄዳሉ። ጉልበቱ ያነሰ ሰው በሌላው ጉልበት ላይ ይበልጥ ይደገፋል። ስለዚህ «ሕይወቴ የራሴ ናት፤ አደጋውም የራሴ ነው» የሚለው ንግግር በተራራ ላይ እውነትነት የለውም።

ይህን በቃል ሳይሆን በዓይኔ ያየሁት በዚያው የጥር ጉዞ ነው። አራት ነበርን፤ እኔ፣ የስድሳ አንድ ዓመት ጡረተኛ መምህር የሆነ ጓደኛዬና ሁለት ወጣቶች። ከሳንቃ በር ወደ ግጭ፣ ከግጭ ወደ ጨነቅ በየቀኑ እየተጓዝን፣ ጭላዶቹንና ጅባራውን እያየን፣ በደህና ሄድን። ከጨነቅ ተነስተን ወደ ራስ ዳሽን የሚያሻግረውን የቧሂትን አፋፍ ስንይዝ ከ4,200 ሜትር በላይ ነበርን። መምህሩ ዝም ብሎ ነበር። ኋላ እንደሰማሁት ከግጭ ጀምሮ ራሱን ያመው ኖሯል፤ «ሽማግሌው ደከመ» እንዳይባል ደብቆታል። መንገድ መሪው ጠረጠረና «እስኪ አንዱን እግርዎን ካንዱ ፊት እየገጠሙ በቀጥታ ይራመዱልኝ» አለው። አራተኛው እርምጃ ላይ ወደ ጎን ተንጋደደ።

«ውረዱ» ሲባል መምህሩ ተቆጣ። ጭቅጭቁ ግማሽ ሰዓት ያህል ወሰደ። እኔን «አንተ ፈርተህ ነው፤ ከፈለግህ ውረድ» አለኝ። «ሚስቴም ልጆቼም ፈቅደውልኛል። ስድሳ ዓመት ለሰው ኖርኩ፤ ይህቺን አንዲት ነገር ለራሴ ላድርግ። ብሞትም ነፍሴ የራሴ ናት» አለ። እውነቱን ለመናገር ንግግሩ ልቤን ነካው። ሠላሳ አምስት ዓመት የሰው ልጅ ሲያስተምር የኖረ ሰው ነው፤ ለራሱ አንዲት ቀን ቢመኝ ማን ይነቅፈዋል? ምን እንደምመልስለት ጠፋኝ። መልሱን የሰጠው እስከዚያ ድረስ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ዝም ብሎ የነበረው ስካውት ነው። ጋቢውን አስተካከለና «ነፍስዎ የራስዎ ትሁን፤ ከወደቁ የምሸከምዎት ግን እኔ ነኝ» አለው።

ከዚያ በኋላ ክርክር አልነበረም። ሁለቱ ወጣቶች ከመንገድ መሪው ጋር ቀጠሉ፤ እኔና መምህሩ ከስካውቱ ጋር ወደ ጨነቅ ወረድን። እዚያ በተገኘ መኪና ደባርቅ ደረስን። ማታ መምህሩ ራሱ ለቆት ሾርባ ጠጣ። የከፍታ ሕመም መድኃኒቱ ቶሎ መውረድ መሆኑን ያኔ በተግባር አየሁት። መምህሩ ግን እስከ ዛሬ በጨዋታ መሐል «ራስ ዳሽንን የከለከልከኝ አንተ ነህ» ይለኛል፤ እኔም እስከ ዛሬ ራስ ዳሽንን አልረገጥኩትም።

ውድ አንባቢያን፤ የስካውቱ ቃል ጉዳዩን ጠቅልሎ ይዞታል። ሰው በወጣትነቱ ሲሳሳት ስህተቱን የሚሸከምለት ብዙ ነው፤ ወላጅ አለው፤ ጊዜም አለው። በሽምግልና የሚወድቅ ሰውን ግን የሚሸከመው ስም ያለው ሰው ነው። ሚስቱ ናት፤ ልጁ ናት፤ ስሙን እንኳ በቅጡ ያልያዘው በቅሎ ነጂ ነው። ታላቋ ልጄ ከመሄዴ በፊት «አባዬ፣ አንተ የምትወጣባቸውን ቀናት ትቆጥራለህ፤ እኛ ስልክ እያየን የምንጠብቅባቸውን ማን ይቆጥርልናል?» ብላኝ ነበር። በዚያን ጊዜ ፍርሃት ብቻ መስሎኝ ነበር የሰማሁት። ነገሩ ግን ሐቅ ነው። የቤተሰብ ፍርሃት ከተራራ ሊያስቀረን የሚችል ትእዛዝ አይደለም። ነገር ግን ሊከፈል የሚገባው ዕዳ ነው። የሚከፈለውም በዝግጅት፣ በምክር፣ ከሁሉም በላይ «ውረድ» ሲባል በመውረድ ነው።

በዚህ መሠረት በእኔ እምነት በዕድሜ የገፋ ሰው ተራራ ሊወጣ ይገባዋል፤ የቻለ ሰው ባይወጣ እንኳ ከተቀመጠበት ይነሳ። ይሁን እንጂ ያለበትን አራት ዕዳ ይወቅ። የሰውነቱን ዕዳ በምርመራና በረጅም ልምምድ ይክፈል። የቤተሰቡን ዕዳ ወሲያውን ጽፎ፣ ሒሳቡን ዘግቶ፣ የተኳረፈውን ታርቆ ይክፈል። አብረውት የሚሄዱትን ሠራተኞች ዕዳ ተገቢውን ክፍያ ሳይጎድል በመስጠትና በእነርሱ ትከሻ ላይ ጀግና ባለመሆን ይክፈል። የኒያውን ዕዳ ደግሞ ለሰው ዓይን ባለመውጣት ይክፈል።

ወጣት የተራራን ጉዞ በጫፉ ይለካዋል፤ ይህ ከወጣት የሚጠበቅ ነው። የሽማግሌ መለኪያ ግን በደህና ወደ ቤቱ መመለሱ ነው። ለዚህም ነው ሽምግልና ለተራራ እንደምናስበው መጥፎ ዕድሜ ያልሆነው። ብዙ ነገር ጀምረን የተውን፣ ብዙ የወደድነውን የቀበርን፣ ማጣት ምን እንደሆነ የምናውቅ ሰዎች ነን። ጫፉን እያዩ መመለስ ከሁሉም ዕድሜ ለእኛ ሊቀልልን ይገባ ነበር። ካልቀለለን ግን ተራራውን ሳይሆን ራሳችንን እንመርምር።

እኚያ የሰፈራችን አባት የሚጠበቀው መንገድ ወደ ታች ነው ማለታቸው ልክ ነው፤ ሁላችንም እንወርዳለን። ወደ ታች በደህና መውረድን የሚማረው ግን ወጥቶ የሚያውቅ ሰው ነው። እስቲ ከነገ ሱብሒ በኋላ በየአካባቢያችሁ ያለችውን ዳገት ተመልከቷት፤ አብሯችሁ የሚሄድም አንድ ጓደኛ ፈልጉ።

ወቢላሂ ተውፊቅ!